አይብ የቅቤ ትራፊ አይደለም
በገረሴ ለገበሬዎች፣ ለእናቶችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ስለ አይብ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ አፍሬ ነበር። እኔ በእርሻ ኮሌጅ በብዛት የተማርሁት ስለ አፈርና ስለ ሰብል ነው፤ ስለ ወተት ያገኘሁት ትምህርት ጥቂት ነው። እዚህ ከፊቴ የተቀመጡት እናቶች ግን ከልጅነታቸው ጀምረው ወተት ሲንጡና አይብ ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። ለዐዋቂ ማስተማር ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም በዚህ በጋሞ ደጋ ከቤት ወደ ቤት ስዘዋወር ያየሁት ነገር ስላለ፥ እርሱን ሳልናገር ብመለስ ሥራዬን እንዳልሠራሁ እቈጥረዋለሁ።

ያየሁትም ይህ ነው። ቅቤ በየቤቱ ክብር አለው። ይታጠባል፤ በኮባ ይጠቀለላል፤ የገበያ ዋጋው ይታወቃል፤ ገንዘቡም ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ይታሰባል። አይብ ግን የሚሠራው ቅቤው ከወጣ በኋላ፥ እመቤቲቱም ከደከመች በኋላ፥ ለሌላ ሥራ በተነደደው እሳት ላይ ነው። አንዳንድ ቀን እስኪንተከተክ ይፈላል፤ አንዳንድ ቀን ተጥዶ ይረሳል። የወጣውም እንደ ትራፊ ስለሚታይ ለእንግዳ ይቀርባል፥ ወይም ከቅቤው ጋር ወደ ገበያ ይሄዳል። ለሕፃናቱ የሚደርሳቸው ከማሰሮው ግድግዳ የተፋቀው ብቻ የሆነበትን ቤት አይቻለሁ።

ያቺን ማሰሮ አያችኋት? ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት በፍም ላይ አስጥጃታለሁ። በውስጧ ያለው ዛሬ ጠዋት ቅቤው የወጣለት አሬራ ነው። ባልደረባዬ ቴርሞሜትር ይዞ ይጠብቃታል፤ እኛም ወደ እርሷ እንመለሳለን።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። የአገራችን ላም በአማካይ በቀን የምትሰጠው ወተት አንድ ሊትር ተኩል ያህል ነው። አንድ ኪሎ አይብ ለማግኘት ደግሞ 8 ሊትር ገደማ ወተት ያስፈልጋል። እንግዲህ አንዲት ላም ያለችው ቤተሰብ ከወተቱ አንዲት ጠብታ ሳይጠጣ ቢያጠራቅም እንኳ፥ አንድ ኪሎ አይብ የ5 ወይም የ6 ቀን ወተት ነው ማለት ነው። በእነዚያ ቀኖች ሣር ታጭዷል፤ ውሃ ተቀድቷል፤ በረቱ ተጠርጓል፤ ላሟ ጠዋትና ማታ ታልባለች። ይህ ሁሉ ድካም ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ በእሳት ሊበላሽ ይችላል። ቅቤ የሚያርር ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እንጮህ ነበር፤ አይብ ሲበላሽ ግን የሚጮኽ አላየሁም።

ሁለተኛው ነገር በአይቡ ውስጥ ያለው ነው። እርጎ ሲናጥ ስቡ ተለይቶ ይወጣና ቅቤ ይሆናል። ሥጋና ጡንቻ የሚገነባው ፕሮቲን ግን ከቅቤው ጋር አይወጣም፤ በአሬራው ውስጥ ይቀራል፤ አሬራው ሲሞቅም ተሰብስቦ አይብ ይሆናል። ተመርምሮ እንደታወቀው በ100 ግራም አይብ ውስጥ ወደ 15 ግራም የሚሆን ፕሮቲን አለ። ከቀረው የሚበዛው ውሃ ነው፤ የስቡ መጠን እንደ አናናጡ ይለያያል። አንዳንድ እናቶች ጥቂት ቅቤ ሆን ብለው በአሬራው ውስጥ ይተዋሉ፤ አይቡም ይለሰልስላቸዋል። ይህን ስስት የለሽ አሠራር እኔ እወደዋለሁ።

ይህስ ለምን ያሳስበናል ብትሉ፥ እናንተ የእንሰት አገር ሰዎች ስለሆናችሁ ነው። እንሰት ዝናብ ሲጠፋ ቤት የሚያቆም ተክል ነው፤ እኔም የተክል ባለሙያ እንደ መሆኔ ስለ እንሰት ክፉ ቃል አይወጣኝም። ነገር ግን ቆጮና ቡላ ጉልበት ይሰጣሉ እንጂ ፕሮቲናቸው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሆዱ የሞላ ሕፃን ሁሉ የሚያስፈልገውን በልቷል ማለት አይደለም። ከ1 እስከ 3 ዓመት የሆነው ሕፃን በቀን 13 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ አይብ የዚህን አብዛኛውን ይሸፍንለታል። በጓሮ ላሟ ለእንሰቱ ፍግ ትሰጣለች፤ እንሰቱም ለላሟ ቅጠሉን ይሰጣል። በማዕድ ላይም ቆጮና አይብ እንዲሁ የሚፈላለጉ ናቸው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ስለ አለባው ብዙ አልናገርም፤ ታውቁታላችሁና። የአላቢው እጅና የላሟ ግት በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ። የወተቱ ዕቃ ታጥቦ፥ በፀሐይ ደርቆ፥ እንደ ልማዳችሁ በወይራ ጢስ ይታጠን። ጢሱ ሽታ ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ በዕቃው ውስጥ የቀሩትን በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ያዳክማል። አያቶቻችን ማይክሮስኮፕ ሳያዩ ይህን ማግኘታቸው ይገርመኛል። ግቷ ያበጠ ወይም ወተቷ የተቋጠረ ላም ካለች ወተቷን ከሌላው አትቀላቅሉ። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተትም የእንስሳት ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ለሰው አይሆንም፤ መድኃኒቱ ወተቱን የሚያረጉትን ደግ ተህዋስያን ስለሚገድል፥ እርጎውም አልረጋ ብሎ ያስቸግራችኋል።

እሳቱ ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን አይብ እንድንሠራ ታዘዝን። እኔም ቶሎ ለመጨረስ ብዬ አሬራውን በሚንቀለቀል ነበልባል ላይ ጣድሁት፤ እስኪፈላም አማሰልሁት። የወጣልኝ ነገር እንደ አሸዋ የሚንኰሻኰሽ፥ ሲጨመቅም እንደ ጎማ የሚጠነክር ሆነ። ጓደኞቼ ቀምሰው ሳቁ፤ የሠፈሩ ውሻ ግን ሳይስቅ በላው። ጥፋቴ ምን እንደ ነበር የገባኝ ቈይቶ ነው። በአሬራው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመኮምጠጡ የተነሣ ለመሰብሰብ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ጥቂት ሙቀት ሲያገኝ እርስ በርሱ እየተያያዘ፥ ውሃውን በመካከሉ እንደ ያዘ ይረጋል፤ ለስላሳነቱም ከዚያ ውሃ ነው። እሳቱ ሲበረታበት ግን ይኰማተርና ውሃውን ጨምቆ ያወጣል። ማማሰሉም የረጋውን ይሰባብረዋል። እንግዲህ እኔ ያደረግሁት የአሬራውን ሥራ መቀማት ነበር።

ታዲያ ሙቀቱ ምን ያህል ይሁን? በአገራችን የወተት አሠራር ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፥ አሬራው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ቢሞቅ በአይቡ ብዛትና በይዘቱ ላይ የጎላ ልዩነት አይታይም። ሙቀቱ ወደ ላይ ሲጠጋ ጥቂት የመቀቀል ጣዕም ይመጣበታል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከዛሬው ንግግሬ ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ብዙ ሰው በ40 ወይም በ50 ዲግሪ አይቡ ስለ ረጋለት ያወርደዋል። ይህ ሙቀት አይቡን ያወጣል፤ በሽታን ግን አይገድልም። የሚያስወርዱ ላሞች በሽታ የሆነው ብሩሴላና የከብት ሳምባ ነቀርሳ ከጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ብሩሴላ የያዘው ሰው ትኩሳቱ ሄደት መጣ ይልበታል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ መገጣጠሚያውን ይቈረጥመዋል፤ ብዙ ጊዜም ወባ ነው እየተባለ ይጉላላል። የወተቱ መኮምጠጥ ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። ወተት በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ቢቈይ ግን እነዚህ የበሽታ ተህዋስያን እንደሚሞቱ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ሁለቱን ነገሮች አገናኙአቸው። አይቡ እስከ 70 ዲግሪ አይጎዳም፤ በሽታው በ63 ዲግሪ በግማሽ ሰዓት ይሞታል። ስለዚህ አሬራውን በዝግታ እስከ 65 ዲግሪ አድርሳችሁ እዚያው ግማሽ ሰዓት ብታቆዩት፥ ከአይቡ ምንም ሳታጡ ልጆቻችሁን ትጠብቃላችሁ። የሚጠየቀው ተጨማሪ ነገር ጥቂት ፍምና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ቴርሞሜትር የለንም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፤ አንድ ጊዜ ከልማት ሠራተኛው ጋር ሆናችሁ የራሳችሁን ማሰሮ በቴርሞሜትር እዩት። በ65 ዲግሪ ላይ እንፋሎቱ እንዴት እንደሚነሣ፥ የአሬራው ፊት እንዴት እንደሚሰነጠቅ፥ አጓቱም በስንጥቁ መካከል እንዴት እየጠራ እንደሚመጣ በዓይናችሁ ያዙት። ዳር ዳሩ መንፈቅፈቅ ከጀመረ አልፏል ማለት ነው፤ ፍሙን ቀንሱ። ጣት ነክሮ ማቈየት የሚያስችል ከሆነ ደግሞ ገና ነው። የሸክላ ማሰሮ ሙቀት አምቆ ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ ከብረት ድስት ይሻላል። ብረት ድስት ብቻ ያለው ሰው ድስቱን ውሃ በያዘ ሰፊ ድስት ውስጥ ቢያስቀምጠው፥ እሳቱ በቀጥታ አይደርስበትም። አታማስሉት። አንድ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ማሰሮውን ማዞር ይበቃል።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ አውርዳችሁ ከድኑትና በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። አይቡ ይሰበሰባል፤ አጓቱም ይለያል። ከዚህ በኋላ ያለው ጥንቃቄ ከእሳቱ የማያንስ ነው። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከአዋሳ ገበያ የተገዛ አይብ መርምረው እርሾና ሌሎች ተህዋስያን በብዛት አግኝተውበታል። በእሳት የነጻው አይብ በባዶ እጅ ሲጨመቅ፥ ባልታጠበ ጨርቅ ሲጠለል፥ በገበያም ክፍት ሆኖ ሲውል እንደገና ይበከላልና። ስለዚህ ማጥለያው ጨርቅ ተቀቅሎ የደረቀ ይሁን። መጭለፊያው በአጓቱ ሙቀት ይለቅለቅ። አይቡን በወንዝ ውሃ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም። መጠቅለያ የሚሆነውንም ኮባ በእሳት ላይ አለብልቡት፤ ይለሰልሳል፥ አይቀደድም፥ ላዩም ይነጻል።

አጓቱን አትድፉት። ከወተቱ ስኳርና ማዕድን ብዙው በእርሱ ውስጥ ነው። ሲበርድ ለጥጃ ይሰጣል፤ የገብስ ዱቄት ቢቦካበት ቂጣው ጥሩ ጣዕም ይኖረዋል።

እስካሁን ስለ ጥንቃቄ ብቻ በመናገሬ እንዳሰለቸኋችሁ ይታወቀኛል። አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ።

አይብ ከሁሉ በፊት ከጎመን ጋር ይስማማል። ጎመኑ ይቀቀላል፤ ውሃው በደንብ ይጨመቃል፤ ደቅቆ ይከተፋል። ቅቤ ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር ይነጠርና፥ በጥቂቱ ለብ ብሎ ከጎመኑ ጋር ይለወሳል። አይቡ የሚገባው በመጨረሻ፥ ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ከእሳት ላይ ሳለ ከጨመራችሁት ውሃውን ይለቅና ጎመኑ ይጨቀያል። በዚህ ምግብ ውስጥ ሌላም ጥቅም አለ፤ ጎመን ለዓይን የሚጠቅመውን ቪታሚን ኤ ለሰውነት የሚያስገኝ ቅጠል ነው፤ ይህም ቪታሚን ስብ ሲያገኝ ይበልጥ ይዋሐዳል። ስለዚህ ቅቤው ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም። ቆላ ወርዳችሁ ሽፈራው ብታገኙ፥ በዚያ ያሉት ሐሌኮ የሚሉትን ማለቴ ነው፥ በጎመን ፈንታ እርሱን ቀቅላችሁ ከአይብ ጋር ሞክሩት። የሽፈራውን መራራነት አይቡ ያለዝበዋል።

ለትልልቆች በቆጮ ላይ አይብ፥ በአይቡ ላይ ዳጣ ማድረግን እኔ ላስተምራችሁ አይገባም፤ እኔ እዚህ መጥቼ የተማርሁት ነው። የዳጣው ቃርያና ዝንጅብል ምላስን ሲያቃጥል አይቡ ያቀዘቅዘዋል፤ ሁለቱን ለየብቻ የሚበላ ሰው ያሳዝነኛል። ድንችም አለላችሁ። የደጋችሁ ድንች ተቀቅሎ ገና ትኩስ ሳለ ይላጥና ይፈረፈራል፤ አይብ፥ ጥቂት ጨውና ቅቤ ይገባበታል። ይህ ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን፥ ጨው ሳይነካው በደንብ ተላቁጦ ቢሰጥ ከእናት ጡት ጋር ደኅና ምግብ ነው። ስድስት ወር ላልሞላው ግን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አይሰጥም። በግማሽ ሰዓቱ ሙቀት ያላለፈ አይብም ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አይቅረብ።

በካናዳ አገር፥ በኬቤክ ግዛት፥ ትኩስ አይብ በተጠበሰ ድንች ላይ በትነው፥ የሥጋ መረቅ አፍስሰውበት የሚበሉ ሰዎች አሉ፤ እጅግም የሚኰሩበት ምግብ ነው። ድንችና አይብ መዋደዳቸውን ያወቃችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም ለማለት ነው ይህን ማንሣቴ። የእነርሱ አይብ ግን ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ንጥረ ነገር የሚረጋ ስለሆነ፥ ትኩስ ሳለ ሲታኘክ በጥርስ መካከል ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፤ ሲሞቅም ይሳባል። የእኛው በኮምጣጣነቱ የሚረጋ ነው። ኮምጣጣው ፕሮቲኑን የሚያያይዘውን ካልሲየም ስለሚያሟሟው፥ አይባችን አይጮኽም፥ አይሳብም፥ በእሳትም አይቀልጥም። ሕንዶች ፓኒር የሚሉት አይብ በዚህ ረገድ የእኛው ዘመድ ነው። እንግዲህ አንዳንድ የከተማ ሰዎች አይብ በትኩስ ምግብ ላይ አልቀለጠልኝም ብለው ሲያማርሩ ብትሰሙ፥ ጥፋቱ የአይቡ አይደለም።

ስለ ገበያና ስለ ማቈየት ጥቂት ልበል። በደጋው ብርድ ሁለት ሦስት ቀን የሚቈይ አይብ፥ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ በሙቀቱ ቶሎ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ለቆላ ገበያ የሚሄደው ውሃው ጥሩ ሆኖ የተጠለለ፥ በዚያው ዋዜማ የተሠራ፥ ከፀሐይም የተከለለ ይሁን። በጾም ወራት ደግሞ በጾመኛው ቤት አይብ ይጠራቀማል፤ ይበላሻልም። በጎጃምና በአዊ ያሉ እናቶች ለዚህ መላ አላቸው። አይቡን በደንብ አጥልለው፥ ከቅመማ ቅመም ጋር ቀላቅለው፥ በዕቃ ከድነው ለሳምንታት ያቦኩታል፤ መታታ አይብ ይባላል፤ ብዙ ጊዜም ሳይበላሽ ይቈያል። ኮረሪማውና ነጭ ሽንኩርቱ በእጃችሁ ስለሆነ፥ ከእናንተ መካከል በጥቂቱ የሚሞክር ቢገኝ ውጤቱን ማየት እወዳለሁ።

አባቶችም እዚህ ስላላችሁ በግልጽ ልናገር። አይብ አትሽጡ አልልም። የልጅ ደብተርና የጨው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የምለምናችሁ የቅደም ተከተል ነገር ነው። አይቡ እንደ ተጠለለ፥ ገና ኮባ ውስጥ ሳይገባ፥ ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ሲኒ፥ ለነፍሰ ጡሯና ለምታጠባውም ድርሻዋ ይነሣ፤ የቀረው ይሸጥ። ከገበያ የተረፈውን ለልጅ መስጠትና ከልጅ የተረፈውን ወደ ገበያ መውሰድ አንድ አይደሉም። እናት ይህን ለማድረግ የምትፈልግ ሆና ሳለ፥ ገንዘቡ ጎደለ ተብላ የምትቈጣበት ቤት እንዳለ ሰምቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ቍጣው የሚገባው ለእሷ አይደለም።

እናንተም የልማት ሠራተኞች፥ ይህን ንግግር በየቀበሌው ቃል በቃል እንድትደግሙት አልፈልግም፤ ንግግር አይብ አያወጣም። በገበሬዎች ማሠልጠኛው አንድ እናት አሬራ ይዛ እንድትመጣ ለምኑ። አሬራውን ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱን በነበልባል አፍሉት፥ ሁለተኛውን በፍም 65 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት አቈዩት። ከዚያም ስም ሳትነግሩ ለሰው አቅምሱ። ማን የትኛውን እንደ መረጠ ጻፉ። ቴርሞሜትሩንም በቢሮ ቈልፋችሁ አታስቀምጡት፤ ከቤት ቤት ይዙር፤ ቢሰበርም ለሥራ ነው የተሰበረው። የሚያስወርዱ ላሞች በአንድ መንደር ሲበዙ ካያችሁ ደግሞ ለእንስሳት ሐኪሙ ሳትውሉ ሳታድሩ አስታውቁ፤ የዚያ መንደር ወተት ሁሉ ሳይሞቅ እንዳይጠጣም ንገሩ።

ባልደረባዬ እጁን እያነሣልኝ ነው። ማሰሮዋ 65 ዲግሪ ላይ ከደረሰች 25 ደቂቃ ሆኗታል ይላል፤ እንግዲህ የቀራት 5 ደቂቃ ነው። እርሷ እስክትበርድ ግን አትጠብቁም፤ ትናንት ማታ በዚሁ መንገድ የሠራነው አይብ እዚያ በኮባ ተሸፍኗል፤ ድንቹ ተቀቅሏል፤ ጎመኑም ተከትፏል። ውሃና ሳሙና በበሩ አጠገብ አለ። እጃችሁን ታጠቡና መጀመሪያ እዚህ ቀርባችሁ ማሰሮዋን እዩ፤ የአሬራው ፊት እንዴት እንደ ተሰነጠቀ በዓይናችሁ ያዙት፤ ከዚያ እንበላለን።